ኮሌስትሮሌን ያናረው የሉፐስ መድኃኒቱ ነው ወይ? ጠይቄ የመጡልኝ 29 መልሶች

ጥያቄውን የጻፍኩት እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ነው። የላብራቶሪ ወረቀቱን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ደጋግሜ አየሁት። እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ያለብን ሰዎች የምንወያይበት መድረክ ላይ ገባሁና የሆዴን ሁሉ ዘረገፍኩት።

ሉፐስ እንዳለብኝ ካወቅሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ክብደቴ 60 ኪሎ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን አንድ ቀን 200፣ አንድ ቀን 400 ሚሊግራም እያፈራረቅሁ እወስዳለሁ። ከስድስት ሳምንት በፊት ሉፐሱ ክፉኛ ተነሳብኝ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ በቀን 40 ሚሊግራም ታዘዘልኝ፤ ማይኮፌኖሌትም ተጨመረ። ከዚያ በፊት ጠቅላላ ኮሌስትሮሌ 178 ነበር፤ አሁን 251 ሆኗል። መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል ከ104 ወደ 158 ወጣ። ትራይግሊሰራይድ የሚባለው ሌላው የደም ስብ ከ120 ወደ 245 ደረሰ። ጥሩ የሚባለው ኤችዲኤል ደግሞ ከ50 ወደ 44 ወረደ። ቁጥሮቹ በዴሲሊትር ሚሊግራም ናቸው።

ጽሑፌን በጥያቄ አልቋጨሁትም። ደምድሜ ነበር። ኮሌስትሮሌን ያበላሸው የሉፐስ መድኃኒት ነው ብዬ ጻፍኩ። ሐኪሜ ሁሉንም እንዲያስቆመኝ ልጠይቀው እንደሆነም አማከርኩ። የራሴን ጽሑፎች ሳልቆጥር 29 መልስ መጣ። እያንዳንዱን ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። የሰዎቹ የግል ጉዳይ ስላለበት ቃላቸውን እንዳለ አልገለብጥም፤ ያሉትን በራሴ አነጋገር ልንገራችሁ።

ቁጥር 1 የመጣው ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከሉፐስ ጋር 11 ዓመት የኖረች ሴት ናት። እሷም 30 ሚሊግራም ፕሬድኒሶሎን ላይ ሳለች ኮሌስትሮሏ እንደወጣ፣ መጠኑ ወደ 7.5 ሲወርድላት አብሮ እንደወረደ ነገረችኝ። ከዚያ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። በራሴ ውሳኔ እንዳላቋርጥ፣ ሐኪሜን ሳላናግር ግማሽ ክኒን እንኳን እንዳልቀንስ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የወሰደኝ በእሷ መልስ ነው።

ቁጥር 2 ጠዋት ጠበቀኝ። ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። በትህትና ጀመረ፤ ነገር ግን አልማረኝም። የሉፐስ መድኃኒት ብሎ ሁሉንም በአንድ ከረጢት መክተት ትልቅ ስህተት ነው ባይ ነው። ኮሌስትሮልን በማውጣት የታወቀው ፕሬድኒሶሎንና የስቴሮይድ ወገኖቹ ናቸው። ጉበት ቪኤልዲኤል የተባለውን ስብ ተሸካሚ ቅንጣት አብዝቶ እንዲያመርት ያደርጋሉ። ኢንሱሊን ሥራውን በደንብ እንዳይሠራ ያዳክማሉ። የምግብ ፍላጎት ይከፍታሉ፤ ክብደት ይጨምራል። መጠኑ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ጊዜውም በረዘመ ቁጥር ጫናው ይብሳል። ሳይክሎስፖሪንም ኤልዲኤልን ያወጣል። ታክሮሊመስ ከእሱ ይሻላል። ማይኮፌኖሌትና አዛታዮፕሪን ግን በዚህ አይከሰሱም።

የደነገጥኩት መጨረሻ ላይ ባለው ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ጭራሽ በተቃራኒው እንደሚሠራ ጻፈ። ኤልዲኤልንና ትራይግሊሰራይድን በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል። ከስቴሮይድ ጋር ለሚወስደው ሰው ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል። እኔ እኮ መጀመሪያ ልተወው ያሰብኩት እሱን ነበር። ክኒኑ ትንሽ ስለሆነና ብዙም የሚረዳኝ ስላልመሰለኝ።

ከቁጥር 3 እስከ 5 ያለው ባብዛኛው የቁጥር ግራ መጋባት ነው። ቁጥር 3 የእሷ ኮሌስትሮል 6.2 ብቻ ሆኖ ሳለ የእኔ 251 መሆኑ አስፈርቷት በአስቸኳይ ሆስፒታል እንድሄድ መከረችኝ። ቁጥር 4 አረጋጋን። የእሷ የተለካው በሊትር ሚሊሞል ነው። ኮሌስትሮል ሲሆን በ38.67 ይባዛል፤ ስለዚህ 6.2 ማለት ወደ 240 ገደማ ነው። ለትራይግሊሰራይድ ግን ማባዣው ሌላ ነው፣ 88.57። ቁጥር 3 እንደኔው ከፍ ያለ ኮሌስትሮል እንዳላት ያወቀችው በዚህ አጋጣሚ ነው። ቁጥር 5 ደግሞ ደሙን የሰጠሁት በልቼ ነው ወይስ ሳልበላ ሲል ጠየቀ። ትራይግሊሰራይድ ምግብ ከተበላ በኋላ ይወጣልና። ሳልበላ ነበር።

ቁጥር 6 ነው ነገሩን የገለበጠው። የጻፈችው ሴት ሙያዋን አልተናገረችም። ግን ጥናት ማንበብ የለመደች መሆኗ ያስታውቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 ከጆንስ ሆፕኪንስ የሉፐስ ክትትል የወጣ ጥናት አነሳች። ታካሚዎችን ለረጅም ጊዜ ተከታትለው ነበር። የፕሬድኒሶን (የፕሬድኒሶሎን የቅርብ ዘመድ) መጠን በ10 ሚሊግራም ሲጨምር ኮሌስትሮል በአማካይ ወደ 7.5 ያህል ወጥቷል። እዚያው ጥናት ላይ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ከዝቅተኛ ኮሌስትሮል ጋር ተያይዟል።

ከዚያ የእኔን ሂሳብ ሠራችልኝ። 40 ሚሊግራም ማለት በዚያ ስሌት 30 ያህል ጭማሪ ነው። የእኔ ጭማሪ ግን 73 ነው። አማካይ ቁጥር ለአንድ ሰው በቀጥታ እንደማይሠራ፣ ከአማካዩ በላይ የሚወጣበትም ከዚያ በታች የሚቀርለትም ሰው እንዳለ አስምራበታለች። ቢሆንም ልዩነቱ አላማራትም። ቀሪው ከየት መጣ? ለኩላሊት ሉፐስ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘውን ማይኮፌኖሌት መጀመሬን አይታ ደግሞ ኩላሊቴን ጠረጠረች። ሽንቴ አረፋ ይሠራ እንደሆነ፣ እግሬ ያብጥ እንደሆነ፣ በሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተለክቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሉፐሱ የተነሳብኝ ኩላሊቴ ላይ ነው። ከኩላሊቴ ናሙና ተወስዶ ታይቷል። በ24 ሰዓት ሽንቴ 3.1 ግራም ፕሮቲን ይወጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ሥር፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አብጥ ነበር። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ አላነሳሁም። ልደብቅ ብዬ አይደለም። ኩላሊት ከኮሌስትሮል ጋር ይገናኛል ብዬ ጨርሶ ስላላሰብኩ ነው። ወዲያው ጻፍኩላቸው።

ቁጥር 7 ተቆጣ። ሰው እንዲህ ያለ ዋና ነገር ትቶ ምክር ሲጠይቅ የሌላውን ጊዜ ያባክናል፣ ከዚያም አልፎ የሚያነቡትን ያሳስታል አለ። በሽተኛው ሁሉ የእኔን ጽሑፍ አንብቦ መድኃኒቱን ቢተው ማን ይጠየቃል የሚል ነገርም ጨመረበት። አነጋገሩ አስከፋኝ፤ አለቀስኩ። ግን ልክ ነበር። ርዕሱን ያስተካከልኩት የእሱን ካነበብኩ በኋላ ነው።

ቁጥር 8 እኔንም እሱንም ያረጋጋ መልስ ይዞ መጣ። የኩላሊት ወንፊት ሲጎዳ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያመልጣል። በተለይ አልቡሚን። ጉበት የጎደለውን ለመሙላት ሥራውን ያበዛል፤ ከአልቡሚኑ ጋር ስብ ተሸካሚዎቹንም አብሮ ያመርታል። ሰውነት ስቡን ከደም የሚያጸዳበት መንገድም ይዳከማል። ስለዚህ በሽንት ብዙ ፕሮቲን የሚያፈስ ሰው አንድም ስቴሮይድ ሳይወስድ ኮሌስትሮሉ ሊያሻቅብ ይችላል። የፕሮቲኑ መፍሰስ ሲቆም ኮሌስትሮሉም ይረግባል። ፕሮቲኑን የሚያቆመው ደግሞ እኔ ልጥለው የተነሳሁት መድኃኒት ነው። ይህን መልስ አትሜ ከላብራቶሪ ወረቀቴ ጋር አያይዤዋለሁ።

ቁጥር 9 ታይሮይድ የሚባለውን ዕጢ አነሳች። ከሁለት ዓመት በላይ ኮሌስትሮሏ አልወርድ ብሎ፣ ጥፋቱ በስቴሮይዱ ላይ ተላክኮ ቆየ። ድካሙ፣ ብርዱ፣ የፀጉሩ መርገፍ ሁሉ ለሉፐሱ ተሰጠ። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ቲኤስኤች የሚባለውን የታይሮይድ የደም ምርመራ አዘዘችላት። ታይሮይዷ ሰንፎ ተገኘ። ሆርሞኑን ስትጀምር ኮሌስትሮሏ ሌላ መድኃኒት ሳትጨምር ወረደ። ሉፐስ ባለባቸው ሰዎች ላይ የታይሮይድ መስነፍ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይታያል። ስለዚህ መድኃኒቱን ከመውቀሳችሁ በፊት ቲኤስኤች ይታይላችሁ የሚል ምክር ሰጠች።

ቁጥር 10 በጣም አጭር ነበር። ሉፐስ እንዳለበት ያወቀው በዚያው ወር ነው። ገና አንድ ክኒን አልዋጠም። ሆኖም ኤችዲኤሉ 31፣ ትራይግሊሰራይዱ 210 ነው። ታዲያ የእኔን ማን አደረገው የሚል ነበር ጥያቄው። ቁጥር 6 ተመልሳ መጥታ አስረዳችው። ይህ ሌላ ቁጥር ስላልተሰጠው ከ10 ጋር ልቁጠረው። ሉፐስ ራሱ ሲነቃ ደም ውስጥ ያለውን ስብ ይለውጣል። ኤችዲኤልን ያወርዳል፤ ትራይግሊሰራይድንና ቪኤልዲኤልን ያወጣል። በሽታው የሚፈጥረው የሰውነት መቆጣት ስብ አጽጂውን ኢንዛይም ያዳክመዋል። ጥሩ የምንለውም ኤችዲኤል በሉፐስ ጊዜ የመከላከል ሥራውን ትቶ መቆጣቱን የሚያባብስበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ስቴሮይዱ አንዳንድ ጊዜ በሽታውን ሲያስታግስ ኤችዲኤሉ ይሻላል፣ ኤልዲኤሉ ይብሳል። ሁለቱንም እጅ ማየት ያስፈልጋል።

ከዚያ ቁጥር 11 ገባ፤ መድረኩም ተቀጣጠለ።

ሰውየው መድኃኒት ሁሉ መርዝ ነው የሚል አቋም አለው። ፕሬድኒሶሎኑን ከወር በፊት መጣሉን በኩራት ጻፈ። በምትኩ የአልፋልፋ እንክብል እየወሰደ መሆኑን፣ እሱም ኮሌስትሮልን እንደሚያወርድ፣ እኔም እንዳደርገው መከረኝ። እንደወንድም አዝኖልኝ ነው የጻፈው። ክፋት አላየሁበትም።

ቁጥር 12 እጇ እየተንቀጠቀጠ የጻፈችው ይመስላል። ስምንት ወር ከወሰደች በኋላ ፕሬድኒሶሎኗን በአንድ ቀን አቋርጣ ነበር። በአራተኛው ቀን ስታስመልስ፣ ስታዞር፣ የደም ግፊቷ ወርዶ መሬት ላይ ወደቀች። ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ ከውጭ ሲገባ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የራሳቸውን ማምረት ይተዋሉ። በድንገት ሲቆም ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ ሕይወት ያሳጣል። ለቁጥር 11 ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ እንዲደውል ለመነችው።

ቁጥር 13 ፋርማሲስቱ ነው፤ ቁጥር 2። አልፋልፋ ላይ የያዘው መረጃ አስደንጋጭ ነበር። የአልፋልፋ ፍሬ በእርግጥ ለኮሌስትሮል ተሞክሯል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለአንድ ፍሬውን በብዛት ይወስድ ስለነበረ ጤነኛ ሰው ተጽፏል። የደም ሕዋሳቱ አሽቆለቆሉ፤ በደሙም የሉፐስ ዓይነት ምልክት ታየ። ሲያቆም ተሻለው። በዓመቱ ደግሞ የአልፋልፋ ቡቃያ የተመገቡ ዝንጀሮዎች ሉፐስ የሚመስል በሽታ እንደያዛቸው ተዘገበ። ጣቱ የተቀሰረው ኤል ካናቫኒን በሚባል ንጥረ ነገር ላይ ነው። ለዚህ ነው ሉፐስ ያለበት ሰው አልፋልፋ እንዳይነካ የሚመከረው። በዓለም ላይ ካሉት ዕፅዋት ሁሉ ቁጥር 11 የመረጠው ይህን መሆኑ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ቁጥር 14 ለቁጥር 11 ቆመችለት። መረጃው ላይ አልተከራከረችም። ሰውየውን ግን ለምን እንደምትረዳው ተናገረች። ፊቱ ሲነፋ መስታወት መሸሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይን ፈጦ ማደር፣ በትንሹ በሰው ላይ መጮህ፣ ከዚያ ደግሞ ኮሌስትሮልህ ወጣ መባል። መድኃኒት መጣል ስንፍና ሳይሆን መሰልቸት ነው አለች። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው መልስ ይህ ነው።

ቁጥር 15 በቁጥር 11 ላይ ስድብ ነበር፤ አወያዩዋ ደመሰሰችው። ቁጥር 16 የአወያይዋ ማሳሰቢያ ነው። መድኃኒት አቁሙ የሚል ምክር በመድረኩ እንደማይፈቀድ፣ ሰው መሳደብም እንደማይፈቀድ፣ ሁለቱ ግን እኩል አደጋ እንዳልሆኑ ጻፈች። ቁጥር 11 ከዚያ በኋላ አልጻፈም። ደውሎ ከሆነ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ነገሩ ሲበርድ ወሬው ዞረ። ቁጥር 17 ስለዓይን ጠየቀች፦ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ካልጎዳን ለምን የዓይን ምርመራ ይታዘዛል? ለዚህ እኔው መለስኩላት፣ የማውቀው ነውና። በቀን ከአንድ ኪሎ ክብደት 5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይመከራል። ለእኔ 60 ኪሎ 300 ማለት ነው፤ ማፈራረቁም የመጣው ከዚያ ነው። ሬቲናን ሊጎዳ ስለሚችል ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ ይታያል። ኩላሊት የተጎዳ ሰው ቀደም ብሎ ክትትል ሊያስፈልገው ይችላል። ቁጥር 18 ወንድ ነው። እስከዚያ ድረስ ሁላችንም እህቶች እያልን ስንጽፍ ዝም ብሎ አንብቧል። ከአሥር የሉፐስ ታካሚ ዘጠኙ ሴት መሆኑን ያውቃል። አሥረኛው ግን እዚህ አለሁ ሊል መጣ። ይቅርታ ጠየቅነው። ከዚያ ወዲህ እህትና ወንድሞች እንላለን።

ቁጥር 19 ወደ ዋናው ነገር መለሰችን፤ በከባድ ሐዘን። ታላቅ እህቷ ሉፐስ ነበረባት። በ39 ዓመቷ ደረቷን ያማት ጀመር። ሁለት ጊዜ ሄዳ ወጣት ሴት ናት፣ ጭንቀት ነው ተብላ ተመለሰች። በሦስተኛው ሃርት አታክ መሆኑ ታወቀ። ተርፋለች፤ ልቧ ግን እንደበፊቱ አይደለም። ከዚያ በኋላ ቁጥር 19 ብዙ አነበበች። እ.ኤ.አ. በ1976 ከቶሮንቶ የወጣ ጥናት የሉፐስ ሞት ሁለት ወቅት እንዳለው አሳይቷል። መጀመሪያ ላይ በበሽታውና በኢንፌክሽን፣ ከዓመታት በኋላ ደግሞ በልብና በደም ሥር። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ35 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሉፐስ ያለባቸው ሴቶች በሃርት አታክ የመያዝ ዕድላቸው ከእኩዮቻቸው ከ50 እጥፍ በላይ ሆኖ ማግኘቱን ጻፈች።

ቁጥር 20 ይህ ሰው ማስፈራራት ነው ብላ ጮኸችባት። ገና ትናንት ሉፐስ አለብሽ የተባለች ልጅ ይህን ብታነብ ምን ትሆናለች? ቁጥር 21 በመሃል ገባ። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ግን አብራሩት አለ። በዚያ ዕድሜ ያለች ሴት ሃርት አታክ የሚይዛት እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ነው። የትንሽ ቁጥር 50 እጥፍ ደግሞ ያን ያህል ብዙ ሰው አይሆንም። አብዛኞቹ የሉፐስ ታካሚዎች በዚያ ዕድሜ ሃርት አታክ አይይዛቸውም። ሆኖም ሉፐስ ያለባት ወጣት ደረቴን አመመኝ ስትል ዕድሜዋ ታይቶ መመለስ የለባትም። ቁጥር 19ም 20ም ይህን ተቀበሉ። እኔ በበኩሌ ከቁጥር 19 ጎን ነኝ። ያስፈራል፤ ግን እህቷ ያንን መረጃ ቀድማ ብታገኝ በሁለተኛው ቀን አልመለስም ትል ነበር።

ከ22 ጀምሮ ክርክሩ ስታቲን በሚባሉት ኮሌስትሮል አውራጅ መድኃኒቶች ላይ ነው። ቁጥር 22 አቶርቫስታቲን ጀምሮ ጭኑን እንዳመመው፣ ሐኪሙ ሲኬ የሚባለውን የጡንቻ ጉዳት ምርመራ አይቶ በሌላ ስታቲን በትንሽ መጠን እንደተካለትና እንደተስማማው ጻፈ። ሳይክሎስፖሪን የሚወስድ ሰው ግን ሲምቫስታቲን ጨርሶ መውሰድ እንደሌለበት አስጠነቀቀ። ሳይክሎስፖሪኑ የስታቲኑን መጠን በደም ውስጥ ስለሚያበዛው ጡንቻ ሊፈርስ ይችላል። ቁጥር 23 ስታቲን ለሉፐስ አይሠራም፣ በጥናት ተረጋግጧል ብሎ ደመደመ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣውን ጥናት ማለቱ ነው። ሁለት መቶ ታካሚዎች ለሁለት ዓመት ግማሾቹ በቀን 40 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን፣ ግማሾቹ የውሸት ክኒን ወስደው የልብ ደም ሥራቸው ላይ የሚጋገረው ካልሲየም ልዩነት አላሳየም።

ቁጥር 24 ሳይሳደብ ግን ሳያዳላ አረመው። ያ ጥናት ስታቲንን ለሁሉም የሉፐስ ታካሚ በጅምላ እንስጥ ወይ ለሚለው ነው መልስ የሰጠው። ኤልዲኤሉ የወጣ፣ ግፊት ያለበት፣ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ስታቲን አይጠቅመውም አላለም። ሁለት ዓመትም ለደም ሥር አጭር ነው። ሌላም ጠቃሚ ነገር አነሳ። ሐኪሞች የልብ አደጋን የሚያሰሉባቸው ብዙዎቹ ቀመሮች ሉፐስን አይቆጥሩም፤ ስለዚህ አደጋውን አሳንሰው ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ የወጣው ኪውሪስክ 3 ግን ሉፐስንም፣ ስቴሮይድ መውሰድንም ያስገባል።

ቁጥር 25 እኔ ሐኪሜን የምጠይቀውን ጥያቄ ለወጠልኝ። የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ለረጅም ጊዜ የሚወሰደው ፕሬድኒሶን ከ7.5 ሚሊግራም በታች እንዲሆን፣ በ2023 ደግሞ 5 ወይም ከዚያ በታች እንዲደርስ፣ ሲቻልም እንዲቆም መክሯል። ስለዚህ አስቁመኝ ብሎ ከመሄድ መጠኑ መቼ፣ በምን ያህል እየቀነሰ፣ የት ይደርሳል ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሉፐሱን የሚይዙት ሌሎቹ መድኃኒቶች የሚታዘዙት ስቴሮይዱ እንዲቀንስ ጭምር ነው።

ቁጥር 26 የ14 ዓመት ልጅ እናት ናት። ልጇ ስታቲን ልትወስድ ይገባ እንደሆነ ጠየቀች። ቁጥር 24 ተመልሶ በ221 ልጆችና ወጣቶች ላይ ለሦስት ዓመት የተደረገ ጥናት ስታቲን ለሁሉም ልጅ በልማድ እንዲሰጥ እንዳልደገፈ ነገራት፤ የልጇን ግን የልጇ ሐኪም ይየው አለ። ቁጥር 27 ልታረግዝ የምታስብ ሴት ናት። ስታቲኗን ይዛ መቀጠል ፈርታለች። ቁጥር 2 መለሰላት። ስታቲን ለአብዛኞቹ በእርግዝና ጊዜ ይቆማል፤ ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳ አስቀድሞ በሌላ ይተካል፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን በእርግዝናም እንዲቀጥል ይመከራል። ሁሉም ከመፀነሷ በፊት ከሐኪሟ ጋር መታቀድ አለበት።

እኔ ከሳምንት በኋላ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። ከመድረኩ የሰበሰብኳቸውን ጥያቄዎች በወረቀት ይዤ። ሽንት፣ ቲኤስኤች፣ የፕሬድኒሶሎን መቀነሻ ዕቅድ። ወረቀቱን አይቶ በትዕግሥት አንድ በአንድ መለሰልኝ። ቲኤስኤቼ ደህና ነበር። የኩላሊት ሕክምናው ገና ጅምር ስለሆነ ለስታቲኑ ጥቂት እንጠብቅ፣ ኮሌስትሮሉን ደጋግመን እንይ፣ ካልወረደ እንጀምራለን አለኝ።

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሼ ለሁሉም ውጤቴን ጻፍኩ። ፕሬድኒሶሎኑ 5 ሚሊግራም ደርሷል። በቀን የሚፈሰው ፕሮቲን ከ3.1 ወደ 0.4 ግራም ወርዷል። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 198፣ ኤልዲኤል 118፣ ትራይግሊሰራይድ 140፣ ኤችዲኤል 52። ሃይድሮክሲክሎሮኪኔን አንድም ቀን አላቋረጥኩም። የትኛው ስንቱን እንዳወረደው መለየት አይቻልም። ስቴሮይዱም የሚፈሰው ፕሮቲንም አብረው ወርደዋልና። ቁጥር 28 የመጀመሪያዋ ሴት ናት። እንደራሷ ልጅ ደስ አላት። ቁጥር 7ም እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ ምልክት አስቀመጠልኝ።

ቁጥር 29 የመጣው ከትናንት ወዲያ ነው። ፕሬድኒሶሎን ከጀመረች ሁለት ወሯ ነው፤ ኮሌስትሮሏ 270 ሆኗል። መድኃኒቱ ነው፣ ልተወው ነው ትላለች። ማታ ማታ ጫማዋ እንደሚጠባትም በመሃል ጠቅሳለች፤ ከዚህ ጋር ይያያዛል ብላ ግን አይደለም። ክኒኑን እንዳትጥል ለምኜ፣ ሽንቷ አረፋ ይሠራ እንደሆነ ጠየቅኋት። ይሠራል። በማግስቱ ሐኪሟ ጋ ደውላ የሽንት ምርመራ ታዝዞላታል። ውጤቱን ሐሙስ ትቀበላለች። ሐሙስ ነገ ነው።